ስለ ስኳር በሽታና ሌሊት ስለሚያቃጥል እግር

ሰው ከአካሉ ክፍሎች ሁሉ እግሩን እጅግ ዝቅ አድርጎ ይመለከታል። ፊቱን በመስተዋት ያያል፤ እጁን በማዕድ ጊዜ ይታጠባል፤ እግሩን ግን በጫማ ውስጥ ከቶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ እስኪያመውም ድረስ አያስታውሰውም። ይህ ልማድ ለጤነኛ ሰው ብዙ ጉዳት አያመጣ ይሆናል፤ የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ግን እግርን እስከ ማሳጣት የሚያደርስ ነው። ስለዚህ በዚህ በሽታ ምክንያት በእግር ላይ የሚነሣው የነርቭ ሕመም ምን እንደ ሆነ፥ ምን ምን ሕክምና እንዳለው፥ ቤተ ሰብም ምን ሊያደርግ እንደሚገባው ጥቂት ቃል ለመጻፍ አሰብን። እኛ በዲላ ከተማ በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ የምንኖር እንጂ ሐኪም አይደለንም። ነገር ግን ደዌው ወደ ቤተ ሰባችን ስለ ገባ፥ ከሐኪሞች አፍ የሰማነውንና ከመጻሕፍት ያነበብነውን ለሌላውም ይጠቅማል ብለን እናቀርባለን። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር እንጽፋለን።

ከዲላ ወደ ደቡብ ይርጋ ጨፌን አልፎ የሚሄድ ሰው ጌዴብ ወረዳ ይደርሳል፤ ባንኮ ጎቲቲም በዚሁ ወረዳ የምትገኝ ቀበሌ ናት። ከባሕር ወለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላት፥ ሌሊቷ የሚበርድ፥ ቡናዋ በውጭ አገር ነጋዴዎች ዘንድ በስሟ የሚጠራ አገር ናት። ቡናው ከእንሰቱ ጋር በታላላቅ ዛፎች ጥላ ሥር የሚበቅልበት የጌዴኦ መልክዓ ምድር በ2023 በዓለም ቅርስነት መመዝገቡን አንባቢዎቻችን ያስታውሳሉ። የባለቤታችን አባት የሚኖሩት በዚህች ቀበሌ ነው። ዕድሜያቸው ከ60 ያለፈ፥ ከጥቅምት እስከ ጥር በቡና ለቀማ ዳገቱን ሲወጡና ሲወርዱ የሚውሉ ብርቱ ገበሬ ናቸው።

እኒህ ሰው ከጥቂት ዓመታት በፊት ውሃ ጥም በዛባቸው፤ ሌሊት ለሽንት መነሣት አበዙ፤ ሥጋቸውም ከሳ። ደማቸው ተመርምሮ ስኳር እንዳለባቸው በተነገራቸው ጊዜ አላመኑም። «ልጄ፥ ይህ የናንተ የሹማምንቱ በሽታ ነው፤ በወንበር ተቀምጦ ለሚውል ሰው የመጣ ነው፤ እኔ ስኳር በዓመት ስንት ጊዜ ቀምሼ ነው?» አሉን። ብዙ ሰውም እንደ እሳቸው ያስባል። ነገር ግን በሽታው ስኳር በመቅመስ ብቻ የሚመጣ አይደለም። ኢንሱሊን የሚባለው የሰውነት ቅመም ሲያንስ ወይም ሥራውን መሥራት ሲሳነው፥ ከቆጮውም ከእንጀራውም ከድንቹም የሚገኘው ስኳር በደም ውስጥ ይከማቻል። ለባለ መሬቱም ለገበሬውም፥ ለወፍራሙም ለቀጭኑም ይደርሳል።

ከዚያ በኋላ የእግራቸው ነገር መጣ። ቀን በሥራ ላይ ሳሉ እምብዛም አይሰማቸውም ነበር፤ ሌሊት ጋደም ሲሉ ግን ውስጥ እግራቸው እንደ ፍም ይቃጠላል፤ ጣቶቻቸውን መርፌ እንደሚወጋቸው ያደርጋቸዋል፤ ጉንዳን የሚሄድባቸውም ይመስላቸዋል። ጋቢው እግራቸውን ሲነካቸው ስለሚያማቸው ሰውነታቸውን ተከናንበው እግራቸውን ከጋቢው ውጭ አውጥተው ያድሩ ነበር። አንዳንድ ሌሊትም ተነሥተው በደጅ በቀዝቃዛው ጭቃ ላይ ይቆማሉ፤ ሌላ ሌሊት ደግሞ እግራቸው በረዶ የሆነ መስሏቸው ወደ ምድጃው ያስጠጉታል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ቍጡ ይሆናልና ከልጆቻቸውም ከጎረቤትም ጋር አልስማማ አሉ። ይህ ሁሉ ሲሆን ለሐኪም አልተናገሩም፤ የእግር ማቃጠል ከስኳር ጋር የሚገናኝ አልመሰላቸውምና። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ግንኙነቱ ግን እንዲህ ነው። አማርኛችን በልማድ ጅማትንና የደም ሥርን እንጂ ነርቭን ለይቶ አይጠራም፤ ስለዚህ በሽተኛው «ሥሬን ያመኛል» ሲል ሐኪሙ የትኛውን ማለቱ እንደ ሆነ ጠይቆ መረዳት ያስፈልገዋል። ነርቭ ከአንጎልና ከኅብለ ሰረሰር ተነሥቶ እስከ ጣት ጫፍ የሚደርስ፥ ስሜትን ወደ ላይ ትእዛዝን ወደ ታች የሚያመላልስ ቀጭን ክር ነው። ወደ እግር ጣት የሚወርደው ከሁሉ ይረዝማል፤ ከወገብ ጀምሮ አንድ ሜትር ያህል ይሆናል። በደም ውስጥ ያለው ስኳር ለብዙ ዓመት ከልክ በላይ ሆኖ ሲኖር ነርቭን ራሱንና ነርቭን የሚመግቡትን ጥቃቅን የደም ሥሮች ይጎዳል። አስቀድሞ የሚጎዳው ረጅሙ ክር ነውና ሕመሙ ከሁለቱም እግሮች ጣቶች ይጀምርና እንደ ካልሲ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከቆየም በኋላ የእጅ ጣቶችን ይይዛል።

የተጎዳ ነርቭ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ማንም ያልላከውን መልእክት ወደ አንጎል ያደርሳል፤ እሳት ሳይኖር እሳት አለ ይላል፤ የጋቢን መንካት እንደ ቁስል አድርጎ ይመሰክራል። ስለዚህ ሕመሙ ከቁስል ወይም ከእብጠት የመጣ ስላይደለ ለራስ ምታትና ለወገብ የለመድናቸው ማስታገሻዎች እምብዛም አይረዱትም። ይልቁንም ዲክሎፌናክንና ኢቡፕሮፌንን የመሰሉትን ዘወትር መውሰድ ኵላሊትን ይጎዳል፤ የስኳር በሽተኛ ኵላሊት ደግሞ አስቀድሞ የሚያሰጋ ነው። አንዳንድ ሰው ለእግሩ ብሎ የሚወጋው ዴክሳሜታዞን የሚባለው መርፌም የደምን ስኳር ከፍ ያደርጋል።

የስኳር በሽታ ካለባቸው ሰዎች እኩሌታ ያህሉ በዘመናቸው የነርቭ ጉዳት ያገኛቸዋል። ነገር ግን ጉዳት ያገኘው ሁሉ ሕመም የሚሰማው አይደለም፤ የብዙዎቹ እግር ሳያማቸው ይደነዝዛል። ይህን ነገር አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ሐኪም መጀመሪያ የሚሠራው ሥራ መመርመር ነው። የሚያቃጥል እግር ሁሉ የስኳር አይደለም። የቪታሚን ቢ12 ማነስ፥ አብዝቶ አልኮል መጠጣት፥ የታይሮይድ እጢ ሕመም፥ ኤችአይቪ፥ የሥጋ ደዌ፥ ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው አይሶናያዚድ የተባለው መድኃኒት፥ እነዚህ ሁሉ ነርቭን ይጎዳሉ። ከሁሉም ልብ ሊባል የሚገባው ለስኳር ሕሙማን የሚታዘዘው ሜትፎርሚን ለብዙ ዓመት ሲወሰድ የቢ12ን መጠን በደም ውስጥ ሊያሳንስ መቻሉ ነው። ይህ ማለት ግን ሜትፎርሚንን በገዛ ፈቃድ መተው ይገባል ማለት አይደለም፤ ጠቃሚ መድኃኒት ነውና፤ ቢ12ን አስመርምሮ አንሶ ከተገኘ መተካት ነው። እንዲሁም ሕመሙ በአንድ እግር ብቻ ቢሆን፥ ወይም በድንገት ድካምና ሽባነት ቢያመጣ፥ ሌላ ምክንያት ሊኖረው ስለሚችል ፈጥኖ መታየት ያስፈልጋል።

ሕክምናው በሦስት ይከፈላል፤ አንዱም የሌላውን ስፍራ አይተካም። ፊተኛው ስኳሩን መግዛት ነው፤ ሁለተኛው ሕመሙን ማስታገሥ ነው፤ ሦስተኛው እግሩን መጠበቅ ነው።

ስኳርን ስለ መግዛት በ1993 በሰሜን አሜሪካ በ1441 ሰዎች ላይ የተደረገ ታላቅ ጥናት ውጤቱ ታትሟል። እነዚህ ሰዎች በአንደኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የተያዙ ሲሆኑ፥ ስኳራቸውን አጥብቀው በተቈጣጠሩት ዘንድ የነርቭ ጉዳት በ60 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። በጎልማሳነትና በሽምግልና በሚመጣው በሁለተኛው ዓይነት ግን ጥቅሙ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ደግሞም አንድ ጊዜ የሞተውን ነርቭ መልሶ አያስነሣም። ቢሆንም ጉዳቱ እንዳይብስ የሚያደርግ፥ ዓይንንና ኵላሊትንም የሚጠብቅ ስለ ሆነ መሠረቱ እርሱ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። ማር የተፈጥሮ ስለ ሆነ አይጎዳም የሚለው አሳብ ስሕተት ነው፤ ማርም በደም ውስጥ ስኳር ነው። ጠጁና አረቄው ደግሞ ነርቭን በራሳቸው ይጎዳሉ። ኢንሱሊን የታዘዘለትም ሰው የሞት ፍርድ የተፈረደበት አይምሰለው፤ በ1921 በካናዳ አገር በቶሮንቶ ከተማ ባንቲንግና ቤስት የተባሉ ሰዎች ኢንሱሊንን ከማግኘታቸው በፊት በአንደኛው ዓይነት የተያዘ ሕፃን ሁሉ ይሞት ነበር፤ ዛሬ ግን አድጎ፥ ተምሮ፥ ወልዶ ይኖራል። አንድ ነገር እንጨምራለን፤ ለብዙ ጊዜ ከፍ ብሎ የኖረ ስኳር እጅግ በፍጥነት ሲወርድ የእግር ሕመም ለጊዜው ሊብስ ይችላል። ይህ የሆነበት ሰው መድኃኒቱ ጎዳኝ ብሎ እንዳይተው፥ ነገር ግን ለሐኪሙ እንዲነግር ይገባዋል።

ሁለተኛው ሕመሙን ማስታገሥ ነው። ለዚህ የሚሰጡት ዋና ዋናዎቹ መድኃኒቶች አሚትሪፕቲሊን፥ ዱሎክሴቲን፥ ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን የሚባሉት ናቸው። የፊተኞቹ ሁለቱ መጀመሪያ የታወቁት በድባቴ ሕክምና ነው፤ የኋለኞቹ ሁለቱ ደግሞ የሚጥል በሽታን ለማከም ያገለግላሉ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ጠብ ይነሣል። አማታችን ለእግራቸው አሚትሪፕቲሊን በታዘዘላቸው ጊዜ ከተማ የተማረ የወንድማቸው ልጅ ወረቀቱን አንብቦ «አባባ፥ የአእምሮ መድኃኒት ነው የሰጡዎት» አላቸው። እሳቸውም እጅግ ተቈጥተው ኪኒኑን ወደ ምድጃ ሊጥሉት ነበር። እንደገና ወደ ሐኪሙ ሄደው በጠየቁት ጊዜ በትዕግሥት አስረዳቸው፤ «አባቴ፥ አእምሮዎ ደኅና ነው። ይህ ኪኒን ነርቭ ወደ አንጎል የሚልከውን ጩኸት ዝቅ ያደርጋል፤ ለእግርዎ የሚሰጠውም መጠን ለድባቴ ከሚሰጠው ያነሰ ነው» አላቸው። መድኃኒት የሚሰጥ ሁሉ እንዲህ ቢያስረዳ ስንት ኪኒን ከመጣል በዳነ ነበር።

ከእነዚህ መድኃኒቶች የትኛው ይበልጣል? ይህን ለማወቅ በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ በፕሮፌሰር ሰሎሞን ተስፋዬ መሪነት፥ ስማቸው ለእኛ ጆሮ እንግዳ ባልሆነ ሐኪም፥ በ130 ሕሙማን ላይ የተደረገ ምርመራ ውጤቱ በ2022 ታትሟል። አሚትሪፕቲሊን፥ ዱሎክሴቲንና ፕሪጋባሊን እየተፈራረቁ ተሰጡ፤ አንዱ ብቻውን ያልበቃው በሽተኛ ሁለተኛ ይጨመርለት ነበር። ከዜሮ እስከ 10 በሚቈጠረው የሕመም ልክ በአማካይ 6.6 የነበረው ከ16 ሳምንት በኋላ በሦስቱም መንገድ ወደ 3.3 ወረደ። ከዚህም ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፥ በየትኛውም መጀመር ይቻላል፤ ዋጋው ርካሽ የሆነው አሚትሪፕቲሊን ከአዲሶቹ አላነሰም። ሁለተኛው፥ ሕመሙ እኩሌታ ያህል ይቀንሳል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም። ፈጽሞ ይጠፋል ብሎ የሚሸጥ ሰው ቢገኝ አትመኑት። እኩሌታውም ቢሆን ትንሽ ነገር አይደለም፤ እንቅልፍ አጥቶ በሚያድርና ተኝቶ በሚያድር ሰው መካከል ያለ ልዩነት ነውና።

ልዩነታቸው በሚያመጡት ጉዳት ነው። አሚትሪፕቲሊን አፍን ያደርቃል፥ ሆድን ያደርቃል፥ እንቅልፍ ያበዛል፥ ከተቀመጡበት ሲነሡ ያዞራል፤ የልብ ሕመም፥ የዓይን ግፊት ወይም የሽንት መቸገር ላለበት ሰው አይስማማም። ዱሎክሴቲን ያቅለሸልሻል፤ ጕበቱ የታመመ ሰው አይወስደውም። ጋባፔንቲንና ፕሪጋባሊን ያዞራሉ፥ እግርን ያሳብጣሉ፥ ክብደት ይጨምራሉ፤ የሚወጡት በኵላሊት በኩል ነውና ኵላሊቱ ለደከመ ሰው መጠናቸው መቀነስ አለበት። ሁሉም ከትንሽ ተጀምረው ቀስ በቀስ ይጨመራሉ፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው ማለት ነው። ጥቅማቸው የሚታወቀው ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው፤ በሦስተኛው ቀን አልረዳኝም ብሎ መተው አይገባም፤ ከለመዱ በኋላም በአንድ ጊዜ ማቋረጥ አይገባም። ትራማዶልና የእርሱ ወገን የሆኑት ግን በልማድ ሰውን ስለሚገዙ የአሜሪካ የነርቭ ሐኪሞች ማኅበር በ2022 ለዚህ ሕመም እንዳይሰጡ መክሯል።

ለቆዳ የሚደረግም አለ። በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ካፕሳይሲን የሚባል ቅመም ተነጥሮ በቅባትና በልጣፍ ይሠራል፤ 8 በመቶ ያለበት ልጣፍ በአሜሪካ በ2020 ለዚህ የእግር ሕመም ተፈቅዷል። ልጣፉን የሚያደርገው የተማረ ባለ ሙያ ነው፤ በእግር ላይ የሚቆየውም 30 ደቂቃ ነው። ይህን ሰምቶ ሚጥሚጣ በውሃ በጥብጦ እግሩን የሚቀባ ሰው ግን ቆዳውን አቃጥሎ ቁስል ያተርፋል እንጂ አይፈወስም። ሌላው ያልተሳካለት ሕመምተኛ ደግሞ በኅብለ ሰረሰሩ አጠገብ የኤሌክትሪክ መሣሪያ በቀዶ ጥገና እንዲገባለት በአሜሪካ በ2021 ተፈቅዷል፤ ዋጋው ግን ለሀብታም እንኳ የሚከብድ ነው።

ወደ አማታችን ነገር እንመለስ። አሚትሪፕቲሊኑን በጀመሩ በሁለተኛው ሳምንት መተኛት ጀመሩ፤ ነገር ግን ሽንት አስቸገራቸው፤ እንደ ብዙ ሽማግሌዎች የፕሮስቴት እጢ ነበረባቸውና። ሐኪሙ ይህን ሰምቶ ኵላሊታቸውን ካስመረመረ በኋላ ወደ ጋባፔንቲን ለወጠላቸው፤ ሌሊት 300 ሚሊግራም አስጀምሮ በየጊዜው ጨመረላቸው። ሕመምዎ ከአሥር ስንት ነው ብሎ ሲጠይቃቸው ቁጥሩ አልገባቸውም ነበር። ስለዚህ ልጃቸው አሥር ፍሬ ቡና በመዳፋቸው አኖረችላቸውና «አባዬ፥ ሕመምዎን ያህል ይቁጠሩ» አለቻቸው። በመጀመሪያ ስምንት ቈጠሩ፤ ከሁለት ወር በኋላ አራት ቈጠሩ። እርቅ ወዲያው በቤቱ ሆነ፤ ከጎረቤታቸውም ጋር ስለ ድንበር የጀመሩትን ክርክር በሽማግሌ ጨረሱ።

በሚከተለው ዓመት የግራ እግራቸው ሕመም ፈጽሞ ተወ። እሳቸውም «ድኛለሁ» ብለው ደስ አላቸው፤ መድኃኒቱንም ለመተው አሰቡ። በዚያው ሰሞን ብርዱ ጠንክሮ ነበርና ማታ ማታ ከምድጃው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ማታ ታናሺቱ ልጃቸው እንደ ልማዷ እግራቸውን ስታጥብ በግራው እግር ተረከዝ ላይ የሳንቲም ያህል ስፋት ያለው ውሃ የቋጠረ ቃጠሎ አየች። «አባዬ፥ ይህ ምንድር ነው? አያምዎትም?» አለቻቸው። እሳቸው ምንም አላወቁም ነበር። እሳቱ ሲያቃጥላቸው እግሩ አልነገራቸውም። የሌለ እሳት አለ ሲል የኖረው ነርቭ ሞቶ፥ እውነተኛው እሳት በመጣ ጊዜ የሚናገር ጠፋ ማለት ነው።

በዚህ ነገር ላይ ነው አንባቢ በልቡ እንዲይዝልን የለመንነው። የሚያቃጥል እግር ገና በሕይወት ያለ እግር ነው። ሕመሙ በመድኃኒት ኀይል ቢቀንስ መልካም ነው፤ በራሱ ጊዜ ፈጽሞ ዝም ቢል ግን ሁልጊዜ የፈውስ ምልክት አይደለም፤ አብዝቶ የሚያስፈራውም ይህ ነው። የስኳር በሽተኛ እግር የሚቈረጠው አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ስላሠቃየው አይደለም፤ ያልተሰማው ትንሽ ቁስል ሳይታይ ውሎ አድሮ ስለ መረቀዘና የደሙም ዝውውር ስለ ደከመ ነው። አማታችን በማግሥቱ ወደ ጤና ጣቢያ ተወሰዱ፤ ቁስሉ ተጠረገ፥ ተሸፈነ፤ እንዳይረግጡበትም ታዘዘ፤ በሰባት ሳምንት ሽሮ ቆዳ ለበሰ። አንድ ሳምንት ቢዘገይ ኖሮ ነገሩ ሌላ በሆነ ነበር።

የደነዘዘ እግርን መጠበቅ ሕክምና ከሥጋ ደዌ ሕሙማን የተማረው ጥበብ ነው። ፖል ብራንድ የተባሉት እንግሊዛዊ ሐኪም በሕንድ አገር በቬሎር የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክሙ፥ ጣትና እግር የሚያልቀው ደዌው ራሱ እየበላው ሳይሆን ሕመም የማይሰማው ሰው አካሉን ሳያውቅ ስለሚያቆስለው መሆኑን አስረዱ፤ በኋላም ይኸው ትምህርት በአሜሪካ ለስኳር ሕሙማን እግር ዋለ። ዛሬ ሐኪም የስኳር በሽተኛን እግር የሚፈትንበት በ10 ግራም ኀይል የሚታጠፍ የናይሎን ክር አለ። በሽተኛው ዓይኑን ጨፍኖ ክሩ እግሩን ሲነካው መንካቱን ካላወቀ እግሩ ጠባቂ ያስፈልገዋል። ፈተናው ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል፤ የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ሁሉ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይህን እንዲያደርጉለት መጠየቅ ይገባዋል።

ሦስተኛው ሥራ እንግዲህ የቤተ ሰብ ነው። አባቶቻችን ለአባትና ለእንግዳ ማታ እግር የማጠብ መልካም ልማድ አውርሰውናል፤ በከተማ ግን ይህ እየቀረ ሄዷል። ከስኳር በሽታ ጋር በሚኖር ሰው ቤት ግን ይህ ልማድ እንደገና ቢጸና ከብዙ መድኃኒት ይበልጥ ይጠቅማል። የሚያጥበው ሰው ዓይን ከታጣቢው ነርቭ ይልቅ የታመነ ነውና። ውሃው ለብ ያለ ይሁን፤ ሙቀቱንም በሽተኛው በእግሩ አይለካው፤ ጤነኛው ሰው በክርኑ ይለካው። ለረጅም ጊዜም አይዘፍዘፍ። ከታጠበ በኋላ በጣቶቹ መካከል ሳይቀር በደረቅ ጨርቅ ይጥረግ፤ ተረከዙ እንዳይሰነጠቅ ቫዝሊን ይቀባ፤ በጣቶቹ መካከል ግን ቅባት አይደረግ። ውስጥ እግሩ፥ ተረከዙና የጣቶቹ መካከል በብርሃን ይታይ፤ ሰው የሌለው ብቸኛ ሰው መስተዋት ከወለሉ ላይ አድርጎ ይመልከት። ጥፍር ቀጥ ብሎ ይቈረጥ፤ የደነደነ ቆዳ በምላጭ አይላጥ። የሞቀ ድንጋይ፥ የሞቀ አመድና የፈላ ውሃ ከእግሩ ይራቅ፤ የምድጃው ልክ አንድ ክንድ ከግማሽ ያህል ርቀት ይሁን። ባዶ እግር በቤት ውስጥ እንኳ አይሂድ። ጫማው አይጥበብ፤ ከመጫማቱ በፊትም በእጅ ተዳስሶ ይራገፍ፤ ጠጠር ወይም ሚስማር ገብቶ ቀኑን ሙሉ ሳይታወቅ ሊረገጥ ይችላልና። ቁስል፥ መቅላት፥ እብጠት፥ መጥቈር ወይም መጥፎ ሽታ ሲታይ «ነገ» ሳይባል በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ይሂድ።

ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ ሹማምንትና ባለ ርስቶች ይህ ነገር የገጠር ሰው ነገር ነው ብለው እንዳያልፉት እንለምናለን። በወንበር ተቀምጦ የሚውል፥ ሆዱ የገፋ፥ ወላጁ ወይም ወንድሙ ስኳር ያለበት ሰው ደሙን ሊያስመረምር ይገባዋል፤ በሁለተኛው ዓይነት በሽታው ሳይታወቅ ብዙ ዓመት ስለሚቀመጥ በሽታው በታወቀበት ቀን እንኳ ነርቭ ተጎድቶ የሚገኝ ብዙ አለ። በቤቱ ዘበኛ፥ ሠራተኛ ወይም ሽማግሌ ዘመድ ያለውም ሰው ጫማቸውንና እግራቸውን ቢያስብላቸው ወጪው ጥቂት ነው። በገጠር ላሉትም ዘመዶቻችን በ2011 በአገራችን በሙከራ የተጀመረውን የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መዋጮ ብንከፍልላቸው፥ ኪኒን በጎደለ ጊዜ ከምንልክላቸው ገንዘብ ይልቅ ይረዳቸዋል።

አማታችን ዛሬ በባንኮ ጎቲቲ በሥራቸው ላይ ናቸው። ቡናቸውን ያለ ስኳር ይጠጣሉ፤ ኪኒናቸውን ሐኪሙ እንዳዘዘው ይወስዳሉ፤ ቀኝ እግራቸው ሌሊት ጥቂት ያቃጥላቸዋል፤ ግራው አይሰማቸውም። ከሁለቱ ይልቅ የሚጠብቁት የማይሰማቸውን ነው። በየቤታችን ያለ የስኳር በሽተኛ እግሩ ቢያቃጥለው ሳይደብቅ ለሐኪም ይንገር፤ ማቃጠሉ በራሱ ጊዜ ቢተወውም ለሐኪም ይንገር። ቤተ ሰቡም ማታ ማታ እግሩን አጥቦ ይመልከትለት።